ፍልጥና መርዛማው ሐረግ

በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ወጣት፣ መጥረቢያ አያያዝን ከአባቱ የተማረም ቢሆን፣ በምሥራቅ አሜሪካ የወደቀን ግንድ ለማገዶ ከመፍለጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ተክል አለ፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ስሙ ፖይዝን አይቪ የሚባለው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ መርዛማ ሐረግ ነው። የባሕር ዛፍ ፍልጥ የለመደ እጅ ግንድን በውፍረቱና በጉጡ ብቻ መመዘን ስለሚቀናው፣ በሌላው ሁሉ የሚጠቅመው ልምድ እዚህ ላይ ያዘናጋዋል።

ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ቶክሲኮዴንድሮን ራዲካንስ ይባላል፤ በቤተሰብም ከማንጎ፣ ከካሹና በሀገር ቤት በየግቢው ከሚታየው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ጋር ይመደባል። ጉዳቱን የሚያመጣው ኡሩሺዮል የተባለ ቅባታም ፈሳሽ ሲሆን፣ ይህ ፈሳሽ በቅጠሉ ብቻ ሳይሆን በግንዱም በሥሩም ይገኛል፤ ቆዳን ሲነካ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ይጣመርና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያንን ክፍል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዲያጠቃው ያደርጋል፤ ማሳከክ፣ መቅላትና ውሃ መቋጠር የሚከተሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ሐረጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የነካ ሰው ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላልና፣ ከዚህ ተነሥቶ ተክሉ እንደማይጎዳው መደምደም አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ ቅባቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ነውና።

በሞቃት ወራት ሐረጉ ሦስት ሦስት ሆነው በሚወጡት ቅጠሎቹ ይታወቃል፤ የመካከለኛው ቅጠል አገዳ ከጎንና ጎኖቹ ረዘም ይላል። ማገዶ የሚዘጋጀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል በረገፈበት ብርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚቀረው ምልክት በቅርፊቱ ላይ የተለጠፈ፣ ጥቃቅን ቡናማ ሥሮች ያለበሱት፣ ጠጕራም ገመድ የሚመስል ግንድ ብቻ ነው። የደረቀ መስሎ መታየቱ ማንንም ሊያታልል አይገባም፤ ኡሩሺዮል በሞተ ሐረግ ላይ ለዓመታት ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል።

እንዲህ ያለ ግንድ ያጋጠመው ሰው ሌላ እንጨት ካለው ትቶት ቢያልፍ ይመረጣል። የግድ ከሆነ ግን፣ የሞተር መጋዝ ቅባቱንና ፍርፋሪውን በሰውነት ላይ ስለሚረጭ፣ ግንዱ ከመቆረጡ በፊት ሐረጉን ከነቅርፊቱ በዲጂኖ ፈልቅቆ ማንሣት፣ ለዚህም ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ወፍራም የቪኒል ጓንት መልበስ ያስፈልጋል፤ የቆዳ ጓንት ቅባቱን መጥጦ ያቆያል፣ ስስ የላቴክስ ጓንትም ያሳልፈዋል። የተነሣው ሐረግ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይጣላል እንጂ ፈጽሞ አይቃጠልም። ኡሩሺዮል በጭሱ ብናኝ ላይ ተሳፍሮ ዐይንና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ ሳንባ ከደረሰም ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ጉዳት ያስከትላል። በዚህ ምክንያት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ የሚከቡት የደመራ እንጨት በእነዚህ አካባቢዎች በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ እያንዳንዱን እንጨት አገላብጦ ማየት የአስተባባሪዎቹ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

የጸዳውን ግንድ መፍለጥ ቀላሉ ክፍል ነው። ጉማጁ በሰፊ ጉቶ ላይ ይቆማል፤ ፈላጩ እግሩን ከፍቶ፣ የዐይን መከላከያ አድርጎ፣ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄደውን ስንጥቅ ተከትሎ ይመታል፤ እምቢ ያለውን ደግሞ በሽብልቅና በመዶሻ ይከፍለዋል። ፍልጡ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተደርድሮ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ ይቆያል፤ ኦክን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ለዚህ እስከ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ከሥራው በኋላ፣ ሐረጉ የነካው የሰውነት ክፍል በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨርቅ እየታሸ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ መታጠብ አለበት፤ መጥረቢያውና ዲጂኖውም በአልኮል ይጠረጋሉ፣ ልብሱም ለብቻው ይታጠባል። ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ ሰው ግንዱን ረስቶ ምች መታኝ ብሎ ሊያስብና ዳማከሴ ሊፈልግ ይችላል፤ የሚያስታግሰው ግን ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ካላማይን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ነው። ከተቋጠረው ቆዳ የሚወጣው ውሃ ኡሩሺዮል ስለሌለበት ሕመሙን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ታማሚውን ማግለል አያስፈልግም። ፊቱ ወይም ዐይኑ ያበጠ፣ ወይም ሽፍታው ብዙውን ሰውነቱን የሸፈነው ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርበታል፤ የሐረጉን ጭስ የሳበና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ፣ ምን እንደተቃጠለ ለሐኪሙ በግልጽ ሊናገር ይገባል።