ኮምፒውተሩ ነው የዘገየው?

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ጌም ከፍቶ ምስሉ የተቆራረጠበት ሰው ፍርዱ ቅርብ ነው፦ ማሽኑ አርጅቷል። ማንም እንደዚያ ይላል፤ እኔ ግን ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ዝግታ በዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ ሳይሆን በዕቃውና ከዕቃው በሚጠየቀው ነገር መካከል ያለ ዝምድና ነው። ሳይበርፓንክ 2077 የተባለውን ጌም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ዝቅተኛ መስፈርቱ የኢንቴል ኮር አይ5-3570ኬ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ተራ ሃርድ ዲስክ ነበር። በ2023 ግን ይኸው ጌም ሲታደስ መስፈርቱ ወደ ኮር አይ7-6700፣ ወደ 12 ጊጋባይት ራምና ወደ ኤስኤስዲ ከፍ አለ። ያ አይ5 በ2012 ገበያ ላይ ሲውል መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ትናንት ይበቃል የተባለው ዛሬ አይበቃም ሲባል በውስጡ ንቅንቅ ያለ ነገር የለም። ዝግታው የፕሮሰሰሩ ነው ካልን፣ የጌሙ ሠሪዎች ዋርሶ ተቀምጠው ያስተካከሉት ሰነድ ሌላ አገር ጠረጴዛ ሥር ያለ ዕቃ አስረጀ ልንል ነው።

ኮምፒውተር ጭራሽ አያረጅም ወይ ለሚለኝ፣ ያረጃል እላለሁ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ፔስት ይደርቃል፣ ፋኑን አቧራ ይሞላዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ማሽኑ ከራሱ ያነሰበት እውነተኛ ድካም ነው። መለያውም ቀላል ነው፦ ድሮ ያለ ችግር ይሠራ የነበረውን ጌም መልሶ መክፈት። እሱም ከተንቀረፈፈ መድኃኒቱ ብሩሽና አዲስ ፔስት ነው፤ እንደ ድሮው ከሄደ ግን ማሽኑ አልታመመም። ዝምድናው በማሽኑ ሆድ ዕቃ ውስጥም ይታያል። ጌሙ እየሄደ ግራፊክስ ካርዱ 99 በመቶ፣ ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ ሥራ ላይ ከሆኑ ራም መጨመር ብር መበተን ነው፤ የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 እንዳመለከተው የአንድ ክፍል መፍጠን የጠቅላላውን ሥራ የሚያፋጥነው ያ ክፍል በሥራው ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ ብቻ ነው። ካርዱ ሲቀየር ደግሞ ማንም ያልነካው፣ ትናንት ግማሽ ጊዜውን ሥራ ፈቶ ይውል የነበረው ፕሮሰሰር ማነቆ ሊሆን ይችላል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጉድለቱ በዕቃው ውስጥ ከሌለ ምኞትን መቁረጥ ይሻላል፣ ያለህ ይብቃህ የሚል ስብከት ይከተላል ይባላል። የጥንቱ ግሪክ ፈላስፋ ኤፒኩሮስም ምኞቶችን ተፈጥሯዊና ከንቱ ብሎ ሲከፍል በሴኮንድ 60 ፍሬም የሚመኘውን ሰው በየትኛው ወገን እንደሚመድበው መገመት አያዳግትም። እኔ ግን ድምዳሜው አይከተልም ባይ ነኝ። ዝምድና ሁለት ጫፍ አለው፤ የምስሉን ጥራት ከላይኛው ደረጃ ወደ መካከለኛው ማውረድም፣ ካርድ መግዛትም ያስታርቁታል፤ አንዱ ጽድቅ፣ ሌላው ኃጢአት አይደለም። ባሕር ማዶ ካለ ወንድሙ ጋር አንድ ጌም ለመጫወት ካርድ የሚገዛ ሰው የተመኘው ፍሬም ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ ይህን ከንቱ የሚል ኤፒኩሮስ ራሱ ወዳጅነትን እንዴት ያወድስ እንደነበር የዘነጋ ነው። የምቃወመው ግዢው በሕክምና ስም መፈጸሙን ነው። «ማሽኑን ላድነው» ብሎ የሚገዛ ሰው ከዳነ በኋላ ወጪው የሚያበቃ ይመስለዋል፤ «ያንን ጌም እፈልጋለሁ» የሚል ግን ምን ያህል እንደተጠየቀና ማን እንደጠየቀው ያውቃል። በ2023 መስፈርቱን ለማሟላት ብሎ አይ7-6700 የገዛን ሰው እናስብ። ይህ ፕሮሰሰር ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ባወጣው የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት ወር 2025 ተቋርጧል። ሰውየው ሌላ ወሰን ላይ ደርሷል፤ ይህን ወሰን ያሰመረው ግን የጌሙ ሠሪ አይደለም፣ ጥራት በመቀነስም አይታለፍም።