ከተሻለው በኋላ መድኃኒት መዋጥ የእምነት ጉድለት ነውን?

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ነዋሪው ወደ ላይ ቢያቀና የእንጦጦን ጸበል፣ ወደ ታች ቢወርድ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ያገኛል። ኩላሊቱን ወይም ሳንባውን የታመመ ሰው በሁለቱም መንገድ ሳያፍር ይመላለሳል። የታመመው አእምሮ ሲሆን ግን ሐኪም ቤት መሄዱን ይሸሽጋል፤ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በከተማችን መሰዳደቢያ እስከ መሆን መድረሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚሁ ኀፍረት አንድ ጥያቄ ይወለዳል፤ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚቀርበውም ለእናንተ ነው፦ «ጸልዬ ተሽሎኛል፤ ታዲያ እንክብሉን እስከ መቼ ልዋጥ? እምነት አንሶኝ ይሆን?»

ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ሁላችን ከምናውቀው ሐዘን የተለየ ነው። ሐዘንተኛ ለቀስተኛ ሲደርስለት ይጽናናል። ድባቴ ግን እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና የመሥራት ኀይልን ለሳምንታት ይነጥቃል፤ እጅግ ሲበረታም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ያሰማል፣ ከእውነት የራቀውንም ነገር ያሳምናል። ይህ የተሳሳተ እምነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበደልን መልክ ይይዛል፦ «ኃጢአቴ አይሰረይም»፣ «ቤተሰቤን ያጠፋሁ እኔ ነኝ»። እንዲህ ያለው ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ሊናዘዝ ይመጣል፤ ፍትሐት ተቀብሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ተመልሶ ያንኑ ይናዘዛል። ጤናማ ሕሊና የተሠራውን በደል በስሙ ይጠራል፣ የንስሐንም በር ይከፍታል። የሕመሙ ድምፅ ግን ይቅርታ በተነገረው ቁጥር ክሱን ያበረታል። ስለዚህ እንዲህ ለተያዘ ሰው «እምነትህን አጽና» ማለት በከሳሹ ላይ ሌላ ከሳሽ መጨመር ነው።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት የያዘ ነው፤ አንዱ ድባቴውን ያቀልላል፣ ሌላው የውሸቱን ድምፅና እምነት ያጠፋል። ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው ከተሻለው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት በዚህ ሕመም ተይዘው በሰርትራሊንና በኦላንዛፒን የተሻላቸውን 126 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ሁሉም ሰርትራሊኑን ቀጠሉ፤ ከፊሎቹ ግን በኦላንዛፒኑ ፈንታ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። በ36 ሳምንታት ውስጥ ሁለቱንም ከቀጠሉት ከ100 ወደ 20፣ ኦላንዛፒኑን ከተዉት ግን ከ100 ወደ 55 በሚሆኑት ላይ ሕመሙ አገረሸ። እነዚህ ሁሉ «ድኛለሁ» ለማለት የሚችሉ ሰዎች እንደ ነበሩ እናስተውል። እርግጥ፣ መድኃኒቱን ትተው ያላገረሸባቸውም ጥቂት አይደሉም። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ መቀነሱም ሆነ ማቆሙ በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር መክሮ ቀስ በቀስ የሚያደርገው እንጂ፣ ጎረቤት በቡና ላይ የሚወስነው ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ዋጋ አያስከፍልም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ኦላንዛፒን ክብደት ይጨምራል፤ ሌሎች መድኃኒቶች እጅን ያንቀጠቅጣሉ። በሽሮ ሜዳ መወርወሪያ የሚወረውር አንድ ሸማኔ እናስብ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ድሩ ይበጠስበታል፣ የልጆቹም እንጀራ አብሮ ይበጠሳል። ይህ ሰው እንክብሉን ከምላሱ ሥር ቢደብቅ እምቢተኛ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ የመድኃኒቱን ዐይነት ወይም መጠን እንዲለውጡለት ለሐኪሙ እንዲናገር አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

«በእንክብል የመጣ ሰላም የእኔ ሰላም ነውን?» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሰው ነፍስና ሥጋ የተዋሐዱበት ፍጡር ነው፤ የጠገበው ሰው ጸሎት ከራበው ሰው ጸሎት ይረጋጋል፣ ሆኖም «ይህ የእንጀራው ጸሎት ነው፣ የአንተ አይደለም» የሚለው የለም።

እንጀራን ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ሊጠቀስ ይገባል። የተጠኑት ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱን እንዲያቋርጡ ካደረጓቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጦት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ይከብዳል፤ ረሃብንም ይቀሰቅሳል። እንግዲህ የጎደለው የማን ምግባር ነው፣ የበሽተኛው ወይስ ማድጋው ባዶ መሆኑን እያወቀ ስለ ጽናት የሚሰብከው ጎረቤት?

በጸሎትና በመድኃኒት መካከል ምረጡ ያለን የለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሁለቱን በአንድነት ያስተምራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን አስተምረው ነበር። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 ከባድ የአእምሮ መታወክ ራሱን ያጠፋን ሰው ኀላፊነት ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። ይህ የሟችን ቤተሰብ ያጽናናል፤ በሕይወት ላለው ግን ጥበቃችን ይቀድማል። ስለ መሞት የሚናገር በሽተኛ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ዐቢይ ጾም ሲደርስ ደግሞ የሕሙማኑ ጥያቄ ይበዛል። ሕመምተኛ ከጾም ሕግ ነጻ መሆኑን በቁምስናው ሁሉ ፊት ንገሩ፤ ለብቻው ሲነገረው እንደ ውርደት ይቈጥረዋልና። የመድኃኒት ቀጠሮው ቀን ሲደርስም ከእናንተ አንዱ አብሮት ይውረድ፤ ሲመለሱም ምሳ አብረው ይብሉ።