ሒሳቡ ልክ ነበር

በ2013 ዓ.ም. የካቲት ወር ከምሠራበት የመንግሥት የልማት ድርጅት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕድሜዬ 55፣ አገልግሎቴ 26 ዓመት ነበር። ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ በገዛ ፈቃዱ ቀድሞ ጡረታ ለሚወጣ የ14 ወር ደመወዝ ይሰጠዋል፤ በቂ ፈቃደኛ ካልተገኘ ግን የሠራተኛ ቅነሳ ይደረጋል፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ።

ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያነሣው እስክሪብቶ ነው። እኔም አነሣሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለሚወጣ የ60 ቀን ይታከልበታል። ለእኔ ሲመታ 11 ወር ከ10 ቀን ሆነ። ጡረታው በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ 25 ዓመት ላገለገለ በ55 ዓመቱ ይከፈል ነበርና የደመወዜን ግማሽ ያህል አገኛለሁ። እንግዲህ ደብዳቤውን ገፍቼ ብቀነስ የማጣው 2 ወር ከ20 ቀን ነው። ካልተቀነስኩ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ እበላለሁ፤ ከጡረታው በላይ የ30 ወር ደመወዝ ማለት ነው። አሥራ አራቱ ቢነሣለት እንኳ 16 ወር ይተርፋል። በዚያ ላይ ሕጉ ችሎታና የሥራ ውጤት እኩል በሆነ ጊዜ በቅድሚያ የሚቀነሰው አጭር አገልግሎት ያለው ነው ይላል።

ፍርሃት ግን ሒሳብ አያውቅም። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ምደባ አጥተው መውጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በእኔ እንዳይደርስ ሰጋሁ። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁና ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ቢቸና ወረድኩ።

አጎቴ ዕድሜውን በሙሉ ጤፍ ያመረተ ገበሬ ነው። ነገሩን በዝርዝር አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ልጄ፣ የተቀናጀኸው ሰው አለ ወይ?» አለኝ። መቀናጆ ማለት፣ የከተማ አንባቢ ላያውቀው ይችላልና፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ የሚያርሱበት ልማድ ነው። ጥያቄው የሽማግሌ ወሬ መሰለኝና በሣቅ አለፍኩት።

ከዚያ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ አለፍኩ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ የጀመርኩት በድርጅቱ የሞጣ ቅርንጫፍ ነው። እዚያ የሦስት ዓመት አገልግሎት ያላት አንዲት ወጣት አገኘሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ የጀመሩበት ወንበር ይሄ ነው አሉ» ብላ ተነሣችልኝ። ተቀመጥኩበት። እየተጨዋወትን ሳለ እጄ ሳላዘው የእሷን ሒሳብ ሠራ፤ ብትቀነስ የምታገኘው የ3 ወር ከ20 ቀን ደመወዝ ነው፤ ጡረታ ደግሞ የለም። ምንም ሳልነግራት ተሰናበትኳት።

አዲስ አበባ ተመልሼ «አልፈልግም» ብዬ ፈረምኩ። ፈቃደኛው አልሞላም፤ ቅነሳው መጣ፤ እኔ ቀረሁ፤ እሷ ወጣች።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ 60 ዓመት ሞልቶኝ በወጉ ጡረታ ወጣሁ። ሒሳቤ ልክ ነበር። ታዲያ ምን ይከነክነኛል?

ለራሴ ስሟገት የኖርኩት እንዲህ እያልኩ ነው። ቅነሳውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ሠራተኛ ለሠራተኛ ካልተሠዋ በደለኛ ነው ከተባለ፣ አሠሪው ሸክሙን ከራሱ ትከሻ አውርዶ በእኛ ሕሊና ላይ ጫነው ማለት ነው። ደግሞስ «በገዛ ፈቃዱ» የሚለው ቃል ምን ያህል እውነት አለው? አርስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መጽሐፉ በማዕበል መካከል ጭነቱን ወደ ባሕር የሚጥል መርከበኛን ምሳሌ ያቀርባል። ጭነቱን በፈቃዱ ጣለ እንላለን፤ ነገር ግን በደኅና ቀን ማንም አይጥለውም። በቅነሳ ዛቻ ሥር የሚፈረም ስንብትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህን ሁሉ ዛሬም አምንበታለሁ። መልቀቅ ግዴታዬ አልነበረም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሕጉ አሠሪው ቅነሳ ሲያደርግ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እንዲመካከር ያዛል። ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። 26 ዓመት ያገለገለ ሰው እዚያ ተነሥቶ «የቅርንጫፎቹ ልጆች ከመቀነሳቸው በፊት ሌላ መንገድ ይፈተሽ፤ ቦታ ይዛወሩ፤ የትርፍ ሰዓቱ ሥራ ይቅርና በዚያው ገንዘብ ይቆዩ» ቢል ምናልባት ይሰማ ነበር። ምናልባትም አይሰማም። እኔ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የሚነሣው ስም የእኔ እንዳይሆን ነው። ሞጣ ላይም ለዚያች ልጅ «ሌላ ሥራ ከአሁኑ ፈልጊ» ማለት ስችል የሰጠችኝን ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

የአጎቴ ጥያቄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በመቀናጆ ሕግ በሬህን ለባልንጀራህ ስጥ የሚልህ የለም። በሬው የአንተ ነው፤ ልትሸጠውም ትችላለህ። ነውር የሚሆነው በሬህን እንደማታመጣ እያወቅህ፣ እርሻው እስኪደርስ ዝም ብለህ ባልንጀራህን ስታስጠብቅ ነው።

ቀሪውን አምስት ዓመት የበላሁት ደመወዝ በሕግም በሒሳብም የእኔ ነበር። ዝምታውንም ያተረፍኩት እኔው ነኝ።