ስለ ተበላሸ ሞተርና ስለ ንስሐ

ከሐሙሲት ተነሥቶ በአንበሳሜ በኩል ወደ እስቴ የሚወጣ ያገለገለ መኪና በዳገቱ ላይ ውኃው ጎድሎ ሞተሩ እጅግ ሲግል፣ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ውኃውም ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ይነጣል። ፋሻው ያለቀ ሞተር ደግሞ ዘይቱን እያነደደ ሰማያዊ ጢስ ይተፋል።

ባለ መኪናው በዚህ ጊዜ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁንና ጢሱን ለጥቂት ቀን መሸሸግ፣ መኪናውንም ደኅና ነው ብሎ ለባልንጀራ መሸጥ ነው። የገዛው ሰው ጥሪቱን ከፍሎ ከነልጆቹ ዕዳ ላይ ይወድቃል። ይህ ከስርቆት በምን ይለያል? ሁለተኛው ሞተሩን አውርዶ መፍታት፣ ማጠብ፣ ሲሊንደሩንም በመለኪያ መመርመር ነው። የተበላውን ሲሊንደር ሳያስተካክል አዲስ ፋሻ ብቻ ቢያገባ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ጢሱ ይመለሳል።

ንስሐም እንዲሁ ነው። ቀላሉን ኃጢአት ለንስሐ አባቱ ተናግሮ ከባዱን የሚሸሽግ ሰው፣ የሚጨምረው ጾምና ስግደት በተበላ ሲሊንደር ላይ እንደ ገባ አዲስ ፋሻ ነው። ባልንጀራውን ያታለለ ሻጭም መናዘዙ ብቻ አይበቃውም፤ የወሰደውን ሊመልስ ይገባዋል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ለጌታ ቃል ገብቷልና (ሉቃ. 19)።

ነገር ግን ተበላሽተናል ብለን ተስፋ አንቁረጥ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 18 ያየው ሸክላ ሠሪ በእጁ የተበላሸውን ጭቃ አልጣለውም፤ ሌላ ዕቃ አድርጎ ሠራው። እኛንም ያድሰን ዘንድ ምንም ሳንሸሽግ እንቅረብ።