የባልንጀራን ስፌት ስለ መተርተር

በአሜሪካ በደቡብ ምዕራብ ወገን በሚገኘው በሶኖራ ምድረ በዳ የዝናሙ ወራት የሚገባው እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በሰኔ ነው። የአየር ጠባይ መርማሪዎች፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2008 ዓመት ጀምሮ፥ ወራቱን ከሰኔ 8 ቀን እስከ መስከረም 20 ቀን ድረስ ብለው ወስነውታል፤ ዝናሙ ግን የሰውን ውሳኔ አይጠብቅምና ብዙ ጊዜ እስከ ሐምሌ ይዘገያል። በአሪዞና በቱሳን ከተማ በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጧት ሰማዩ የጠራ ነው፤ ቀትር ሲሆን በካታሊና ተራሮች ላይ ደመናው ይቈለላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ትቢያውን እያስነሣ ይመጣል፥ መብረቅና ነጐድጓድም ይከተለዋል። ደርቆ የቈየው የአሸዋ ወንዝ ባንድ ጊዜ ደራሽ ውሃ ይሞላውና መንገዱን ይቈርጣል። ስለዚህ ሰው ማልዶ ወጥቶ ጉዳዩን ካልፈጸመ በቀር ቤቱን ይዞ ይውላል።

እንዲህ ያለው ቀን ለመርፌ ሥራ የተመቸ ነው። ባልንጀሮች ፀሐይዋ ሳትበረታ በአንዲቱ ቤት ይሰበሰቡና፥ በእንግሊዝኛ ኩዊልት የሚባለውን ድርብ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ይውላሉ። ኩዊልት ሦስት ንብርብር አለው፤ ላዩ ልዩ ልዩ ቀለም ካላቸው ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው፤ መካከሉ ባዘቶ ነው፤ ታቹ ገበር ነው፤ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸውም ከላይ እስከ ታች የሚወጋው ስፌት ነው። በአማርኛ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ልብስ ድሪቶ ይባላል፥ ቃሉም የድኽነት ስም ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ አገር ግን ባለጠጋዪቱም ሙሉ ጨርቅ ገዝታ፥ ቈራርጣ፥ እንደ ገና ትገጥመዋለች። ላዩን አንዲት ሴት ብቻዋን ልትገጥመው ትችላለች። በእንጨት ወጥሮ መስፋቱ ግን ብዙ እጅ ይፈልጋልና፥ የኢትዮጵያ ገበሬ አዝመራውን በደቦ እንደሚሰበስብ፥ እነርሱም ይህን በደቦ ይሠሩታል።

ማዕበሉ በመጣ ጊዜ የሥራው ጠባይ ይለወጣል። መብረቁ የኤሌክትሪኩን መሥመር ይመታና መብራቱ ይጠፋል፥ የስፌቱም መኪና ይቆማል። እስከዚያ ድረስ በመኪና ስትሰፋ የነበረችው፥ ጨርቅ ስትቈርጥ የነበረችው፥ ቡና ስታቀርብ የነበረችው ሁሉ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀርበው በተወጠረው ጨርቅ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ውሃው ከመንገድ እስኪጐድል ድረስ ወደ ቤቷ የምትሄድ የለችም። ያን ጊዜ ብልሃተኛዪቱና ጀማሪዪቱ በአንድ ጨርቅ ላይ ይሰፋሉ። የአንዲቱ ስፌት እንደ ስንዴ ቅንጣት እኩል እኩል ሆኖ ይሄዳል፤ የሌላዪቱ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር፥ መሥመሩም እንደ ፍየል መንገድ የጠመመ ነው። ሲመሽ እንግዶቹ ይሄዳሉ፥ ባለቤቲቱም ከጠማማው ስፌት ጋራ ብቻዋን ትቀራለች። ጥያቄው የሚነሣው በዚህ ነው፤ ትተርትረው ወይስ ትተወው?

ይህ ጥቃቅን ነገር ነው ብሎ አንባቢ እንዳይንቀው ያስፈልጋል። ባልንጀሮቿን በምስጋና ሸኝታ ሌሊቱን የእነርሱን ስፌት ስትተረትር ስላደረች ሴት በአሜሪካ ኩዊልት ሰፊዎች ዘንድ የሚነገረው ጨዋታ ያረጀ ነው፤ የሰሙትም ይሥቃሉ። ከሣቁ በታች ያለው ጉዳይ ግን በየጓዳው፥ በየጽሕፈት ቤቱ፥ በየማኅበሩ የሚገኝ ነው። ሰው በፍቅር የሰጠው ሥራ ጐዶሎ ሆኖ ሲገኝ፥ ታማኝ መሆን የሚገባው ለሥራው ነው ወይስ ለሰጪው?

ለምትተረትረዋ መከራከር ይቻላል። ብርድ ልብሱ ብዙ ጊዜ የእርሷ አይደለም፤ ለሙሽራ፥ ለሕፃን፥ ወይም በሕመም አልጋ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ነው። የድሮው የጥጥ ባዘቶ ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ካልተሰፋ፥ ሲታጠብ ከስፍራው እየሸሸ በአንድ ወገን ይጓጐላል፥ በሌላውም ወገን ባዶ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። ዛሬ ከመደብር የሚገዛው ባዘቶ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለ ሆነ ራቅ ያለ ስፌት ይበቃዋል፤ ቢሆንም የላላ ክር በእግር ጣት ተጠልፎ መበጠሱ አይቀርም። እንግዲህ ልል ስፌትን ስለ ባልንጀርነት ብሎ መተው በሦስተኛ ሰው ገንዘብ ቸር መሆን ነው፤ የሚበርደው እርሱ ነውና።

ጠማማነት ግን ከልልነት የተለየ ነገር ነው። ጠምሞ የሚይዝ ስፌት አለ፥ ቀንቶም የማይዝ አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል፥ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ጠማማውን ነገር ግን ጠንካራውን ስፌት የምትተረትር ሴት በሥሩ ስለሚተኛው ሰው አስባ አይደለም፤ ዐይኗን ስላስቀየመው ነው፥ ወይም ያየው ሰው የእርሷ እጅ እንዳይመስለው ፈርታ ነው። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ፥ ስለ ጥቅም፥ ስለ ደስታ፥ ስለ በጎነት የሚደረግ ብሎ ነበር። ባልንጀሮቿን ጠርታ እጃቸውን ካሠራች በኋላ የእጃቸውን ምልክት የምትጠላ ሴት ከሦስቱ በየትኛው እንደምትቈጠር መናገር ያስቸግራል፤ ጥቅማቸውን እንኳ አልተቀበለችምና።

አንዳንዶች ደግሞ ወደ ሌላው ወገን አብዝተው ይሄዳሉ። የቀድሞ ሰፊዎች ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲሉ ሆን ብለው በየኩዊልቱ አንድ ስሕተት ያገቡ ነበር የሚል ወሬ አለ፤ የታሪክ መርማሪዎች ግን ማስረጃ የሌለው ተረት ነው ይላሉ። ተረት መሆኑም ደግ ነው። የቀረው ሁሉ ፍጹም ነው ብሎ ካላመነ በቀር ስሕተትን በብልሃት የሚያገባ ማን ነው?

ስለ ጠማማው ስፌት ከክርክር ይልቅ የሚያስረዳ አንድ ሥራ በዚያው አገር አለ። በ1987 ዓመት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋ ኩዊልት በዋሽንግተን አደባባይ ተዘረጋ፤ 1,920 ቁራጭ ነበረው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ወርድ 90፥ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፥ ይኸውም የመቃብር ልክ ነው። ከሰፉት መካከል መርፌ ይዘው የማያውቁ እናቶች፥ ወንድሞችና ወዳጆች ነበሩ። ስምንት ስምንቱን ቁራጭ አጋጥመው የሚሰፉት ሌሎች እጆች ናቸው፤ ዳሩ እንዲጸና ያደርጋሉ፥ በፊቱ ላይ የተጻፈውን የጠመመ ስም ግን አያቀኑትም።

የቀረው የምሥጢሩ ነገር ነው። ልሉን ስፌት መተርተር ይገባል ቢባል እንኳ በሌሊት መተርተር ሌላ ነው። ባለቤቲቱ ዝም ብትል አልዋሸችም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ባልንጀራዋ በሌላ ቀን መጥታ ጨርቁን ዳስሳ «ይህ የእኔ አይደለም?» ብላ በደስታ ብትጠይቃት ምን ትመልሳለች? ከዚህም የሚብሰው፥ ያች ጀማሪ እጇ የለመደ መስሏት ለሌላም ሰው እንዲሁ አድርጋ ትሰፋለች። ማዕበሉ መንገድ ዘግቶ ሁሉን ባስቀመጠበት ቀን ግን ጊዜ ሞልቷል። «እኅቴ፥ ክሩን እንዲህ ሳብ አድርጊው» ማለት አያሳፍርም፤ የራሷን ስፌት በራሷ እጅ ብትተረትረውም ማንም አልነጠቃትም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ስፌቱን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው፥ ሌሎቹንም ያስተማረቻቸው አሮጊት እጇ መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ ምን ይደረጋል? እርሷን እንዲህ አድርጊ ማለት አይቻልም፥ ታውቀዋለችና። ስፌቷ ልል ሆኗል፥ በሥሩም የሚተኛው ሕፃን ነው። በዚህ ጊዜ ከእርሷ መሥመር አጠገብ፥ የገብስ ቅንጣት ያህል ራቅ ብሎ፥ ሁለተኛ መሥመር ይሰፋል፤ ባዘቶውን አዲሱ ይይዘዋል፥ የእርሷም ባለበት ይኖራል። ይህም በሌሊት ሳይሆን እርሷ ተቀምጣ ሳለች በቀን ይደረጋል። ማን ጨመረው ብላ ብትጠይቅ ይነገራታል፤ ብትቈጣም፥ ዝናሙ ገና አላባራምና፥ እስኪያባራ ድረስ ተቈጥታ ከእነርሱው ጋራ ትቀመጣለች።