«አላየሁም» እና «የለም»

«አላየሁም» እና «የለም» የሚሉት ሁለት ቃላት ምን ያህል ይራራቃሉ? ነገሩ የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ሰማይን በቴሌስኮፕ ከሚመለከቱ ሰዎች ታሪክ አንዱን ብናነሣ ግን ክብደቱ ይገባናል።

በታላቁ ድብ ጅራት ጫፍ አጠገብ ኤም 51 የሚባል ደብዛዛ ጋላክሲ አለ። ርቀቱ ከ20 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1773 ፈረንሳዊው ሻርል ሜስዬ በትንሽ መሣሪያው ተመልክቶ፣ ኮከብ የማይታይበት ደካማ ጭጋግ መሆኑን መዘገበ። በ1833 እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል 46 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስተዋት ያየውን ሥሎ ሲያወጣ፣ ጭጋጉ በቀለበት የተከበበ ሆነ። በ1845 ደግሞ በአየርላንድ ቢር በተባለች ከተማ ሎርድ ሮስ፣ ባለርስት እንጂ ደመወዝተኛ ተመራማሪ ያልነበረው ሰው፣ ባሠራው 183 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ቢያየው ቀለበት የተባለው እንደ ውኃ አዙሪት የተጠማዘዘ ክንድ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ከሦስቱ ዋሽቷል የምንለው ማንን ነው? ማንንም። ሜስዬ ጭጋግ አለ፤ የታየው ጭጋግ ነበርና። ኸርሸል ተሳስቷል፤ ሆኖም የታየውን ስለ ሣለ ሥዕሉን ከሮስ ሥዕል ጋር ማስተያየት ተቻለ። ሜስዬ «ክንድ የለውም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ግን መሣሪያው ያልሰጠውን ሥልጣን በወሰደ ነበር።

የዛሬው ተመልካች ፈተና ሌላ ነው፤ ለእኔ እንዲያውም የባሰ ይመስለኛል። እርሱ ፎቶግራፉን አስቀድሞ አይቷል። 6 ሳንቲ ሜትር ባለው ቴሌስኮፕ ጋላክሲውንና ጎረቤቱን እንደ ሁለት ደብዛዛ ነጠብጣቦች ቢያገኛቸው ደስ ሊለው ይገባል። ጨለማ በሆነ ስፍራ 30 ሳንቲ ሜትር ያለው ጓደኛው የክንዶቹን ፍንጭ ያያል። ታዲያ ሰው ከኋላ ተሰልፎ እየጠበቀ «ክንዶቹን አየሃቸው?» ሲባል «አዎን» ማለት እንዴት ቀላል ነው! በዚህ ማን ይጎዳል? ቀጥሎ የሚቆመው ይጎዳል። ያ ሰው ዓይኑን ይጠረጥራል፤ ያፍራል፤ እርሱም «አዎን» ይላል። አሥር ሰው ላላየው ነገር አሥር ምስክር የሚገኘው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቆቹ ፎቶግራፉን ገና ባላዩት ጋላክሲ ይጀምራሉ፤ የታያቸውንም ወዲያው በእርሳስ ይሥላሉ፤ ሥዕል የማይችለውም ቢሆን። ደግሞም በቀጥታ ከማፍጠጥ ይልቅ ጥቂት ወደ ጎን ያያሉ፤ የዓይን ዳር ለደካማ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ነውና። መብራት ካለበት ቤት አሁን የወጣ ሰው «ምንም አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይጠየቅ።