ፈራሁ ያለችው ንግሥት

ልጆቼ፣ ስለ ጥንቷ ግብፅ ንግሥቶች የተጻፉ ልብ ወለዶችን ስትወዱ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። ብዙ ደራሲ ንግሥቲቱን ብርቱ ለማድረግ ሲፈልግ እንባዋን ያደርቅባታል። ባል ይሞታል፣ ልጅ ይሞታል፣ እሷ ግን ዓይኗን ተኩላ ዙፋኗ ላይ ትሰየማለች። ይህን ብርታት ብላችሁ እንዳትይዙት።

አንከሰናሙንን እዩ። የንጉሥ አኬናተንና የንግሥት ኔፈርቲቲ ልጅ፣ የንጉሥ ቱታንካሙን ሚስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የባሏ መቃብር በወርቅ የተሞላ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወርቅ መካከል ግን ጌጥ የሌለው አንድ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። ውስጡ በትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች የተኙ፣ በሕይወት ሳይወለዱ የቀሩ ሁለት ሴት ሕፃናት ነበሩበት። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የእሷ ልጆች ናቸው ይላሉ። ባሏም ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ ወራሽ አልነበረም።

በዚያው ዘመን አንዲት የግብፅ ንግሥት ለኬጢያውያን ንጉሥ ለሱፒሉሊዩማ ደብዳቤ ላከች። ባሏ መሞቱን፣ ወንድ ልጅ እንደሌላት፣ ከአገልጋዮቿ አንዱን ማግባት እንደማትሻና እንደፈራች ገልጻ፣ ከልጆቹ አንዱን እንዲልክላት ጠየቀች። ይህን የነገረን የንጉሡ ልጅ ሙርሲሊ ያስጻፈው ዜና መዋዕል ነው። ላኪዋ አንከሰናሙን ናት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ኔፈርቲቲ ናት የሚሉም አሉ። ንጉሡ አላመናትም፤ አጣሪ ላከባት። እሷም ተቆጥታ ደግማ ጻፈች። በመጨረሻ ልዑል ዛናንዛ ተላከ፣ ግን ሕይወቱ አለፈ፤ ኬጢያውያንም ግብፆች ገደሉብን ብለው ጦር አነሡ።

ነገሩ አልሠመረላትም። ቢሆንም ሴትዮዋ ሆድ ይፍጀው ብላ አልተቀመጠችም፤ ለፍርሃቷ ስም ሰጥታ፣ ለባላንጣዋ ንጉሥ ሳይቀር ጻፈችው። እኛ ዘንድ ጥርሷን ነክሳ ዝም ያለችውን «ቻይ ናት» ብለን እናሞግሳለን። ይህ ሙገሳ ስንት እናት ከውስጥ እንደበላ በዕድሜዬ አይቻለሁ። እናንተ ሲከፋችሁ ለሰው ንገሩ። የመጀመሪያው ሰው ባያምናችሁ፣ እንደሷ ተቆጡና ደግማችሁ ንገሩ።

ሐዘን ከባለቤቱ አንደበት መሰማት እንዳለበት ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ የገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው የአኬናተን ልብ ወለድ አንድ ወጣት የንጉሡን ወዳጅና ጠላት እየዞረ ይጠይቃል፤ ሁሉም ስለ ኔፈርቲቲ የየራሱን ይላል። የራሷን ቃል የምንሰማው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ስለ አንድ ሰው መከራ ከመፍረዳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠብቁ።

ከሐዘን በኋላ ደግሞ ሥራ አለ። ሌላው የግብፅ ንጉሥ ሴቀነንሬ በጦር መሣሪያ ተቀጥቅጦ ሞተ፤ የመጥረቢያው ቁስል በራስ ቅሉ ላይ ዛሬም ይታያል። ባለቤቱ አሕሆቴፕ ምን አደረገች? ልጇ አሕሞስ በካርናክ ያቆመው ሐውልት እንደሚለው ወታደሮቹን ተንከባከበች፣ የሸሹትን መለሰች፣ የከዱትን ሰበሰበች። ሥራዋ የሚያንጸባርቅ ነገር የለበትም፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ልብ ወለድ ዘሎት የሚያልፈው።

ከእናንተ መካከል ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ፣ አደራ፣ ንግሥቲቱን አስለቅሷት፤ ከዚያም ደብዳቤውን አስጽፏት።